ፍንጃሉን ቁጠር

ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ ደሴ ሄጄ ነበር። ዘመድ ቤት ሁሉ በእንግዳ ስለተጨናነቀ ሆቴል ያዝኩ። አንሶላው ንጹሕ፣ መስኮቱ ወደ ጦሳ ተራራ የሚያይ፣ ደኅና ክፍል ነው። ቁልፉን የሰጠኝ ልጅ «14 ቁጥር፣ ከ12 ቀጥሎ ያለው» አለኝ። ሻንጣዬን እየጎተትኩ በሮቹን አየሁ፤ 10፣ 11፣ 12፣ 14። ተመልሼ 13 የት ሄደ አልኩት። «እንግዶች አይወዱትም» አለ። የትኞቹ እንግዶች? «ፈረንጆቹ።» አሁን እዚህ ያረፈ ፈረንጅ አለ ወይ ስለው «የለም፤ ግን ሲሠራ እንዲህ ሆኖ ነው የተሠራው» አለኝ። ትንሽ አሰብ አድርጎ ደግሞ «2013ስ መቼ ደግ ነበር፣ ጋሼ?» ሲል ጨመረበት።

እንቅልፍ የነሳችኝ ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ናት። ጦርነቱ የተጀመረው በ2013 ጥቅምት መሆኑ እውነት ነው። ደሴ የተያዘችው ግን በ2014 ነው፤ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ። ክፉ ያየንበት ቁጥር ይዘለል ከተባለ ደሴ ላይ መዘለል የነበረበት 14 ነው። እኔ ደግሞ ያን ሌሊት የተኛሁት 14 ቁጥር ውስጥ ነው። የከተማው ሰው የራሱን ክፉ ቁጥር በር ላይ ለጥፎ፣ የሌላውን ክፉ ቁጥር ዘሎለታል።

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል። 13ን መፍራት ለእኛ እንዲያ ያለ ነገር ይመስለኛል። ዓመታችን ራሱ 13 ወር ነው። 13ኛዋን ወር ጳጉሜንን የሚፈራት የለም፤ ይልቁንም ሕፃን ሽማግሌው በዝናቧ ይጠመቃል። ወር በገባ በ13ኛው ቀን እግዚአብሔር አብ ነው፤ እናቴ የምትወደው ቀን ነበር። ፈረንጆቹ ለፍርሃታቸው ከሚያነሷቸው ምክንያቶች ትልቁ ደግሞ የመጨረሻው ራት ነው። ጌታ ከ12ቱ ደቀ መዛሙርት ጋር 13 ሆነው ለማዕድ ተቀመጡ፣ በማግስቱ ተሰቀለ። ስለዚህ 13 ሰው በአንድ ማዕድ ከቀረበ አንዱ ዓመቱን አይጨርስም ይላሉ። ስቅለቱ ዓርብ ነበርና 13ኛው ቀን ዓርብ ላይ ሲውል ይብስባቸዋል።

ይኸው ማዕድ እኛም ቤት አለ። በጸሎተ ሐሙስ እግር ይታጠባል፣ ጉልባን ይበላል። ስንት ሆነን እንደበላን የቆጠረ ሰው ግን ትዝ አይለኝም። ታሪኩ አንድ ሆኖ ሳለ ፍርሃቱ እኛ ዘንድ አልበቀለም። ታሪክ ብቻውን ቁጥርን ገደ ቢስ አያደርገውም ማለት ነው፤ ሌላ ነገር ይፈልጋል። ያ ሌላ ነገር ምን እንደሆነ ያየሁት ከዓመታት በፊት፣ ከሐይቅ ከተማ በላይ ባለ አንድ መንደር፣ ረከቦት ፊት ተቀምጬ ነው።

የግንቦት ቆጠራ

በ1999 ግንቦት ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሲካሄድ ተሁለደሬ ውስጥ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ፤ ገና ጀማሪ። እንደ ብዙው መምህር በቆጣሪነት ተመደብኩ። የደረሰኝ ቀበሌ ሐይቁ ቁልቁል የሚታይበት ነው። ሥራው አይከብድም። በየበሩ በጠመኔ ቁጥር ትጽፋለህ፣ ትገባለህ፣ ትጠይቃለህ፣ ቅጹን ትሞላለህ። ሰውም ደግ ነው፤ ውሃ ያቀርባል፣ ቆሎ ያቀርባል። «ስንት ናችሁ?» የምትለዋ ጥያቄ ላይ ሲደረስ ግን ቤቱ ቀዝቀዝ ይላል። እርስ በርስ ይተያያሉ። «እንግዲህ ያለነው ይኸው ነን» ይሉሃል። ልጆቹን በስም በስማቸው ይጠሩልሃል፤ ድምሩን አንተው ታወጣዋለህ እንጂ ከአፋቸው አይወጣም።

ለእኔም እንግዳ ነገር አልነበረም። አያቴ ከብት ከግጦሽ ሲገባ በጣታችን እያመለከትን ስንቆጥር ካየች እጃችንን ትመታ ነበር። «ቡሬ ገባ? ዳልቻስ? በስሙ ጥራው! የቀረ ካለ ስሙ ሲጠራ ይታወቃል።» እኔ ያን ጊዜ የቡዳ ፍርሃት ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ትምህርት ቤት ስንገባ አስተማሪው በየጠዋቱ የሚያደርገው ያንኑ እንደሆነ፣ እሱም ስማችንን ጠርቶ የቀረውን እንደሚያውቅ፣ ያኔ ልብ አላልኩም።

የዚያች ቤት እናት ስድሳን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። «ከፀሐይ ግባ ልጄ» ብለው መደቡ ላይ አስቀመጡኝ። ልጃቸው ጥግ ላይ ቡና ትቆላለች። ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣

«እማማ፣ ትናንት ሌሊት እዚህ ቤት ያደረው ሰው ስንት ነው?» አልኳቸው።

«ያሳደረን ያውቀዋል» አሉ።

ሥልጠና ላይ እንዳስጠኑን፣ ቆጠራው ለልማት እንደሆነ፣ ትምህርት ቤቱም ጤና ጣቢያውም በሕዝቡ ቁጥር እንደሚታቀድ አስረዳሁ። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ከዚያ ረከቦቱን ወደኔ ሳብ አደረጉት።

«ሰው አይቆጠርም፣ የኔ ጌታ። ፍንጃሉን ቁጠር።»

አንድ ፍንጃል አስቀመጡ። «ይሄ የኔ።» ሁለተኛውን አጠገቡ። «ይሄ የልጄ።» ቀጥለው ሦስት ደረደሩ። «እነዚህ የልጅ ልጆቼ፤ አላህ ያሳድጋቸው።» የልጃቸው ባል ለሥራ ዓረብ አገር ስለሆነ ፍንጃል አልወጣለትም። አምስት ብዬ ጻፍኩ። ስሞቹን ለመጀመር ቀና ስል «ቆይ፣ አልጨረስኩም» አሉ።

ተነሥተው ከግድግዳው ሥር ካለው የእንጨት ሣጥን ጨርቅ የተጠቀለለበት ነገር አወጡ። ሌሎች ፍንጃሎች ናቸው። አሮጌ ናቸው፤ አፋቸው ላይ የነበረው የወርቅ ቀለም ክር በመታጠብ ብዛት ደብዝዟል። አራቱን አንድ በአንድ ደፏቸው። ስም አልጠሩም፤ የደፉትን ሁሉ ለአፍታ በመዳፋቸው ይዘው ነበር የሚለቁት። አምስተኛውን ያዙና ቆዩ። ሊደፉት አሉ፣ ተዉት። ሊያቆሙት አሉ፣ ተዉት። በመጨረሻ በጎኑ አጋደሙት። ፍንጃል ሲጋደም አይረጋም፤ ወዲህ ወዲያ ሲንከባለል በሌባ ጣታቸው ደገፍ አድርገው እስኪረጋ ጠበቁት።

«በፊተኛው ቆጠራ እነዚህ ሁሉ ቆመው ነበር» አሉ።

የራሳቸውንና የልጃቸውን ፍንጃል ከአምስቱ ለይተው ወደ አሮጌዎቹ አስጠጉ።

«ያን ጊዜም እንዳንተ ያለ ልጅ መጣ፤ ወረቀት ይዞ፣ እስክሪብቶ ይዞ። ወሩም ይኸው ወር ነው። ስንት ናችሁ አለኝ። ሰባት አልኩት። አፌን ከፍቼ፣ ሰባት። ዓመት አልሞላም።»

የተደፉት ባላቸውና ሦስት ልጆቻቸው ናቸው። የተጋደመው ወንድ ልጃቸው ነው። በ77 ወደ ሰፈራ ከሚሄዱት ጋር መኪና ላይ ወጣ። መተከል ገባ ተባለ። አየሁት የሚል ሰው እስካሁን አልመጣም። ልጃቸው ጥግ ላይ የቡናውን ምጣድ ማንቀሳቀስ አቁማ ነበር፤ ቡናው ሲያር ሸተተን።

ያሉት ቆጠራ የመጀመሪያው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ነው፤ ግንቦት 1976። የዚያ ዓመት በልግ ቀርቶ ነበር፤ ክረምቱም ተከተለው። ጥቅምት 1977 ላይ የቆረምና የባቲ መጠለያ በሰው ተጥለቅልቆ ዓለም ሁሉ አየው። በሁለቱ መካከል ወራት ብቻ ናቸው ያሉት። ከዚያ ቤት ሆኖ ለሚያይ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ተቆጠርን፣ ቀጥሎ አለቅን። እባብ ያየ በልጥ በረየ። የኔ ሥራ ደግሞ ማስተማር ነው፤ ከፊት የመጣ ሁሉ የኋላው ምክንያት እንዳልሆነ ማስረዳት። ስለዚህ በቀስታ፣ በአክብሮት፣ የልጆቻቸው ሞት ከቆጠራው ጋር እንደማይገናኝ፣ የቀረው ዝናቡ እንደሆነ ነገርኳቸው።

አልተቆጡም። እንዳዘኑልኝ ሆነው አዩኝ።

«ዝናቡንማ አውቃለሁ። ሲቀር ያየሁት እኔ ነኝ፤ አንተ ያኔ ከናትህ ሆድ ነበርክ። እኔ የምለው ሌላ ነው። ስንት እንደሆንን ጠይቀው ጽፈው ሄዱ። በዚህ ቤት ስንት አፍ እንዳለ አወቁ። ስንት እንደቀረን ሊጠይቅ የመጣ ግን የለም። አውቆ ዝም ከማለት አለማወቅ አይሻልም ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ቅጹን አገላበጥኩት፤ ለተደፉትም ለተጋደመውም ቦታ የለውም። የሚፈልገው አሁን ያለውን ሰው ነው።

ዳዊትም ቆጥሮ ነበር

ቤቴ ገብቼ ያወጣሁት ሁለተኛ ሳሙኤልን ነው፤ ምዕራፍ 24። ዳዊት ሕዝቡን ቁጠሩ አለ። የሠራዊቱ አለቃ ኢዮአብ አልወደደውም፤ ቢለምንም የንጉሡ ቃል በረታ። 9 ወር ከ20 ቀን ዞረው ቆጥረው መጡ። ከዚያ ቸነፈር ወረደና 70 ሺህ ሰው አለቀ። ልጅ ሆኜ ስሰማው የትዕቢት ቅጣት ነው ብለው ነበር የነገሩን። ያን ማታ ግን ዓይኔ ያረፈው ስንት ተቆጠረ ሳይሆን ማን ተቆጠረ የሚለው ላይ ነው። የተቆጠሩት ሰይፍ የሚመዝዙ ወንዶች ናቸው፤ ከእስራኤል 800 ሺህ፣ ከይሁዳ 500 ሺህ። ዳዊት ሕፃናቱን ሊያበላ አልቆጠረም። ጦር ሊያውቅ ነው የቆጠረው። የኢዮአብ ልብ የከበደው ለምን እንደሆነ ያኔ ትንሽ የገባኝ መሰለኝ።

ኦሪት ዘጸአት ላይ ደግሞ፣ ምዕራፍ 30፣ ሙሴ ሕዝቡን ሲቆጥር መቅሠፍት እንዳይመጣ እያንዳንዱ ግማሽ ሰቅል ያግባ ይላል። ብሩ ይቆጠራል፣ ሰው አይቆጠርም። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ተቀመጥኩ። እኒያ እናት ኦሪት አላነበቡም፤ ፊደልም አልቆጠሩም። ያደረጉት ግን ያንኑ ነው። አይሁድም እስከ ዛሬ ለጸሎት 10 ሰው መሙላቱን ሲያዩ፣ አንድ ሁለት በማለት ፈንታ 10 ቃል ያላት የመዝሙር ጥቅስ ለእያንዳንዱ አንዳንድ ቃል እየሰጡ ይላሉ። በእንግሊዝም የሕዝብ ቆጠራ ሕግ በፈረንጆቹ 1753 ለፓርላማ ሲቀርብ፣ ሕዝቡ ከቆጠራው በኋላ ቸነፈር ይመጣል ብሎ ይሰጋል ያለ የምክር ቤት አባል ነበር፤ ሕጉም ወድቆ የመጀመሪያው ቆጠራ እስከ 1801 ዘገየ። እንግዲህ «የወሎ ገበሬ ኋላ ቀርነት» የሚል ሰው ካለ ለንደንን ይጨምርበት።

ሰው መቆጠርን የሚፈራው ቁጥር ምትሃት ስላለው አይመስለኝም። በዚህ አገር ቆጣሪ ሲመጣ ምን ተከትሎት እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ነው። ከቆጠራ ኋላ ግብር አለ፣ መዋጮ አለ፣ ዘመቻ አለ። የ1976ቱ ቆጠራ የመጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በወጣ በዓመቱ ነው። ወንድ ልጅ ያላት እናት ወረቀት የያዘ ሰው ስታይ ቁጥር ቢጠፋባት ምን ይገርማል?

የዚያ ቆጠራ ውጤት 42 ሚሊዮን ገደማ መሆናችንን ተናገረ። በመስከረም 1977 አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በድምቀት ስታከብር፣ ወሎ በአውራ ጎዳናው ዳር እየወደቀ ነበር። በዚያ ረሀብ ስንት ሰው ሞተ ብላችሁ ብትጠይቁ ግን የምታገኙት ግምት ነው። 400 ሺህ የሚል አለ፣ 1 ሚሊዮን የሚል አለ። በመካከሉ 600 ሺህ ሰው ያህል እንደ ጥርጣሬ ይንሳፈፋል። በሕይወት ያለው ቤት ለቤት ተቆጠረ፤ የሞተው ተገመተ። እማማን የከነከናቸው ይህ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

እኔ የቆጠርኩበት ቆጠራ ውጤቱ ሲነገርም የአማራ ክልል ሕዝብ ከተጠበቀው በ2.4 ሚሊዮን ያህል አንሶ ተገኘ ተብሎ ፓርላማ ድረስ አከራከረ። በየሻይ ቤቱ የሚሰማው «ጎደለ» የሚል ቃል ነበር። ያን ሰሞን እኔ ስለ ሚሊዮኖቹ የምለው አልነበረኝም። የማስበው ስለዚያች ረከቦት ነው፤ ከአሥር ፍንጃል አምስቱን ጽፌ የወጣሁት እኔ ነኝና።

ጎደሎ

ዘንድሮ መስከረም ላይ ክፍል ስገባ፣ ስንቱን ዓመት ያስተማርኩት ትምህርት አንድ ቃል ላይ ይደነቃቀፍብኝ ጀመር። መጽሐፉ «ተጋማሽ» እና «ኢ-ተጋማሽ» ይላል። ተማሪውም እኔም ከክፍል ስንወጣ ግን «ሙሉ» እና «ጎደሎ» ነው የምንለው። በ2012 በኮሮና ጊዜ የቤት መኪና በፈረቃ ይንቀሳቀስ ሲባልም ሙሉ ታርጋና ጎደሎ ታርጋ ነው የተባለው። ታዲያ 3 ምን ጎደለው? 7 ምን ጎደለው? ለሁለት ስታካፍለው አንድ ይተርፍሃል። ሒሳቡ «ተረፈ» የሚለውን አፋችን «ጎደለ» ብሎ ይጠራዋል። ክፉ ቀንም በቋንቋችን ያው «ጎደሎ ቀን» ነው። ገንዘብ ያጣ፣ ዘመድ የሞተበት፣ «ቀን ጎደለበት» ይባላል። ከሞቱት መካከል በሕይወት የቀረው ደግሞ «የተረፈ» ነው። አንድ ቃል ሁለት ነገር ሲሸከም፣ ቁጥሩ ምንም ሳያደርግ ሐዘኑ ይጋባበታል።

የሌሎች ሕዝቦች ገደ ቢስ ቁጥሮችም ብዙዎቹ የተወለዱት እንዲሁ ከአፍ ነው። በቻይንኛ «አራት» እና «ሞት» የሚለዩት በድምፅ አወጣጥ ብቻ ነው፤ በጃፓንኛ ሁለቱም «ሺ» ናቸው። ስለዚህ በእነዚያ አገሮች አራተኛ ፎቅ የሌለው ሕንፃ ታገኛላችሁ፤ ኮሪያ ውስጥ በብዙ አሳንሰር ላይ በ4 ፈንታ የላቲን ፊደል ተጽፏል። ደሴ ላይ ፒያሳ የሚለውን ስም ትተው የሄዱት ጣሊያኖች ደግሞ በአገራቸው የሚፈሩት 17ን ነው። በሮማ አጻጻፍ የ17 ፊደላት ሲገላበጡ በላቲን «ኖሬአለሁ» የሚል ቃል ይወጣቸዋል። «ኖሬአለሁ» የሚል ሰው ኖሮ ጨርሷል ማለት ነው። አምስት ዓመት ደሴ ላይ ሲቀመጡ መንገድ ሠርተዋል፣ ቤት ሠርተዋል፤ ይህ ፍርሃት ግን አልተላለፈብንም። የሚተላለፍበት ቃል በእኛ አፍ ውስጥ የለማ። የዮሐንስ ራእዩን 666ም ብዙ ሊቃውንት የሚፈቱት በዚሁ መንገድ ነው፤ የኔሮን ቄሣርን ስም በዕብራይስጥ ፊደል ጽፈህ የፊደላቱን ቁጥር ብትደምር ይኸው ይመጣል። ቄሣርን በክፉ ማንሣት አንገት የሚያስቀላበት ዘመን ነበር። ቁጥሩ ስሙን ሸሸገ።

እኛም ዘንድ ስምን ወደ ቁጥር መለወጥ ጥንታዊ ነው። ታላቅ እህቴ የታጨች ጊዜ፣ የልጁ ወገኖች ደብተራ ዘንድ ሄደው ኮከብ አስቆጠሩ። የሷ ስም፣ የእናታችን ስም፣ የልጁም እንደዚሁ። ፊደሉ ሁሉ ቁጥር አለው፤ ይደመራል፣ በ12 ይገደፋል፣ በቀሪው ኮከቡ ይታወቃል። ቀሪው አልገጠመም ተባለ፣ ነገሩ ፈረሰ። እህቴ ለዓመታት «እኔ ምን ጎድሎብኝ ነው?» ትል ነበር። በኋላ ሳጠና ያስደነቀኝ የኮከቦቹ ስም ነው፤ ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ እያለ እስከ ሑት። ሁሉም ዓረብኛ ናቸው። ወሎ ውስጥ ደብተራውና ሸሁ ጎን ለጎን ኖረው አንዱን ሰማይ አንብበዋል። የኔ እህት ትዳር የተሰናከለው በሁለት ሃይማኖት በተወረሰ ሒሳብ ነው ማለት ነው፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ይቆረቁረኛል።

ከትምህርት ቤታችን አጠገብ የሚኖሩ አንድ ሼህ ግን ጎደሎ የሚለውን ነገር አንድ ቀን አቃለሉልኝ። ስለ ቁጥር ስናወራ «አላህ ነጠላ ነው፤ ነጠላውን ይወዳል» አሉኝ፤ ሐዲስ ነው። በዒድ አል-ፈጥር ጠዋት ወደ ሶላት ሳይወጡ የሚበላው ተምር በነጠላ ቁጥር ነው፣ ከዕባ የሚዞረው 7 ጊዜ ነው፣ የሌሊቱ ሶላት የሚዘጋው በነጠላ ረከዓ ነው። ነቢዩ ክፉ ገድ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ዓረቦች የሚፈሩት «ሰፈር» የተባለው የሂጅራ ወርም ክፋት እንደሌለበት መናገራቸውንም ነገሩኝ። «ያንተ ጎደሎ ለኛ ሙሉ ነው» አሉ። ፊታችን የነበረው ቡና ላይ እጃቸውን ዘርግተው «አቦል፣ ቶና። ሁለት ሙሉ ነው ብለህ ልትነሣ ነው? ሦስተኛው በረካው ነው እኮ።»

ሦስተኛው

ጠዋት ሆቴሉን ስለቅ ቁልፉን ለዚያው ልጅ መለስኩለት። በ2014 የት ነበርክ አልኩት። «ደብረ ብርሃን ወርደን። መኪና እስክናገኝ በእግር።» ስንት ሆናችሁ ወጣችሁ ልለው አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። «እነማን ነበራችሁ?» አልኩት።

ጣቶቹን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ በስም ጠራቸው። እናቱን፣ እህቱን፣ የአክስቱን ልጅ፣ የጎረቤት አሮጊት። አንድ ስም ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ቀና ብሎ ኮሪደሩን አየ። እኔም ቀጥል አላልኩትም። ሒሳቤን ከፈልኩ፣ ተሰነባበትን። መናኸሪያ እስክደርስ ድረስ በዓይኔ ላይ የነበረው ያ የተጋደመ ፍንጃል ነው።

ያን የቆጠራ ቀን ቅጹን አጣጥፌ ስነሣ ቡናው ደርሶ ነበር። ያረረው ተጥሎ ሌላ ተቆልቶ ነው የደረሰው። አምስቱ ፍንጃል የቤቱ ነው፤ ልጆቹ ባይጠጡም ከተቀመጠበት አልተነካም። የተደፉትን አራቱን እማማ ወደ ጨርቁ መለሱ። የተጋደመውን ግን አነሡት፣ በጨርቁ ጫፍ ውስጡን ጠረጉት፣ አቆሙት፣ ቡና ሞልተው ሰጡኝ።

«የልጅዎ አይደለም እንዴ፣ እማማ?»

«የሱ ነው። እሱም የትም ይሁን የት የሰው ቤት እንግዳ ነው። አንዷ ቀድታ ትሰጠዋለች። ጠጣ።»

አቦሉን ጠጣሁ። ቶናውን ጠጣሁ። ገና ብዙ በር እንደቀረኝ ተናግሬ ፍንጃሉን ላስቀምጥ ስል ክንዴን ያዙኝ፤ ጀበናው ላይ ውሃ እየተጨመረ ነበር።